በማሽኑ ሆድ የቀሩ ስሞች

ሰኔ 7 ቀን 1981፣ ዳንግላ

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ዓለምነው ጠዋት ሰብስበው ሰርኩላር አነበቡልን። ከግንቦቱ የጄኔራሎች ግርግር ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ የጽሕፈት መኪና፣ ማባዣና ማናቸውም የመጻፊያ መሣሪያ ይመረመራል። የጽሕፈት መኪናዎቻችን የፊደል ናሙና ድሮም ፖሊስ ዘንድ አለ። አዲሱ ነገር ኮምፒዩተሩ ነው። ከባሕር ዳር ቡድን መጥቶ በውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ያያል። ቀኑ ገና አልተቆረጠም።

«እትዬ በለጡ፣ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ያዘጋጁልን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ይህን ደብተር ለምን እንደጀመርኩ አላውቅም። የሚነገረው ሰው ሲጠፋ ነው መሰለኝ ወረቀት የሚፈለገው።

ሰኔ 9

ከጻፍኩ አይቀር እውነቱን ልጻፍ። ስሞቹን ግን አልጽፍም፤ አንዴ ጽፌ ያመጣሁት ይበቃል።

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተዘዋወርን ነው የምንሰበሰበው። ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚቀበል በቃል መያዝ አቃተን። ሁለት ጊዜ ሰው ተሳስቶ የማይሆን ቤት አንኳኳ። መሪያችን ገሠሠ፣ ልብስ ሰፊው፣ መጋቢት ላይ ተራው ይጻፍ አለ። በእጅ እንዳይጻፍ የዳንግላን ሰው የእጅ ጽሑፍ ቀበሌው አንድ በአንድ ያውቀዋል። በጽሕፈት መኪና እንዳይሆን ናሙናው ተወስዷል። የኮምፒዩተሩ ማተሚያ ግን ናሙና አልተወሰደለትም። ነጥብ በነጥብ ስለሚያትም ማን እንደጻፈው አይለይም አልን። በጣም ብልህ የሆንን መስሎን ነበር። በከተማው ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም የምነካው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ከመካከላችን ያሰበ የለም።

ሃያ ሰባት ስም በአንድ ፋይል። የቤቶቹ ምልክትና የሳምንቱ ተራ በሌላ ፋይል።

ያኔ የፕላን ባለሙያችን ምህረቴ እዚህ ነበር። ከእኛ ወገን አይደለም። ማንም እንዳያያቸው እፈልጋለሁ አልኩት። ምን እንደሆኑ ሳይጠይቀኝ በትንሽ ፕሮግራም ደበቃቸው፤ ስማቸውንም ለውጦ የማሽኑ የራሱ ንብረት አስመሰላቸው። ማሽኑ ሲበራ የሚነሣባቸው የራሱ ስውር ፋይሎች አሉት። ከእነሱ ጋር ቀላቀላቸው። «አሁን እኔም ራሴ ብፈልጋቸው መለየቴን እንጃ» ብሎ ሳቀ። ሚያዝያ ላይ ወደ አሰብ ተዛወረ። አዲሱን ስማቸውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ወረቀቱን ካተምኩ በኋላ ለምን አላጠፋኋቸውም? ተራው ሲያልቅ ደግሜ ላትመው ብዬ ነው። እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዓምዶቹ በጣም ቀጥ ብለው ነበር።

ሰኔ 12

ዝናብ። ጄኔሬተሩ ዘግይቶ ተነሣ። የማዳበሪያ ሪፖርት ብቻ።

ሰኔ 14

ጋሼ አድማሴ ዛሬም ሲያስቁኝ ዋሉ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛም የጄኔሬተሩ ኃላፊም እሳቸው ናቸው። ጄኔሬተሩ የሚሠራው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የእኔ ሥራ በእሳቸው እጅ ነው ማለት ይቻላል። የዘንገና ሰው ናቸው፤ አገውኛቸው እንደ እናቴ አገውኛ ነው፤ አማርኛቸውም ነገር ለመውጋት ይበቃል። ኮምፒዩተሯን ሙሽራዪቱ ይሏታል። በነጭ ጨርቅ ተሸፍና፣ መጋረጃ ባለው ብቸኛ ክፍል ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ይገባባታል፤ ምንጣፉ አቧራ እንዳይዝ ተብሎ።

«እኔን ጫማ የሚያስወልቁኝ ቤተ ክርስቲያንና ይህች ክፍል ናቸው» አሉ በር ላይ ቆመው። ቆይተው ደግሞ፣ «አንቺ እንኳ አንዱ ቀርቶልሻል» አሉኝ።

ሳቅኩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም።

ሰኔ 19

ዛሬ ሞከርኩት። ማሽኑ በትእዛዝ ነው የሚሠራው፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ ቃል ይጻፋል፣ እሱ ይታዘዛል። «ዲር» ስለው ያለውን ይዘረዝራል፤ የተደበቀውን ግን አይናገርም። «ዴል» ስለው ያጠፋል፤ የተደበቀውን ግን እንደሌለ ይቆጥረዋል። የዲስኩን ጤና የሚመረምረው ትእዛዝ ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው። ከታች፣ ሰው በማያነበው ቦታ ላይ፣ አራት ስውር ፋይሎች አሉ ይላል።

አራት። የእኛ ሁለት ናቸው። ስለዚህ የማሽኑ ሁለት ናቸው። እስከዚህ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆነ።

ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ ይሉኛል። ማንም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ እዚህ የተቀጠርኩትም ለጽዳት ነበር። ማሽኑ ሲመጣ መመሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አልፈለገውም፤ ማሰሪያው ተበጥሶ ገጹ የሻይ ቤቱ ስኳር መጠቅለያ ሆነ። ስኳሩን እያራገፍኩ ሰበሰብኩት። መቶ አሥራ ሦስት ገጽ አለኝ። መዝገበ ቃላቴ ደግሞ ከኤስ ፊደል በኋላ የለውም፤ በኤስና ከዚያ በፊት ባሉት ፊደላት የሚጀምረውን ነገር ሁሉ በሚገባ አውቃለሁ።

ሰኔ 21

በሻይ ቤቱ በኩል ሳልፍ ከማኅበራት ማደራጃ የሆነ ሰው ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁ፤ ጴንጤዎቹ ዝርዝር አላቸው፣ ዝርዝሩ ከተገኘ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል ይላል። ጓደኛው ሳቀ፣ ሻዩን ጠጣ። ወረቀቶቹን ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞ እንዲያቃጥል በግንቦት ተነግሮ ነበር፤ ተቃጥለዋል። የቀረው በማሽኑ ሆድ ያለው ነው። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ 23፣ ዓርብ

ቡድኑ ሰኞ ይገባል። ዛሬ ረፋድ ነው የተነገረን። ቅዳሜ ነዳጅ የለም። ያለኝ የዛሬው ብቻ ነበር።

አጠፋሁት። ማታ በሰፊው እጽፋለሁ።

ማታ።

ምህረቴ ትቶልኝ በሄደው ዲስኬት ላይ የተደበቀውን የሚገልጥ ፕሮግራም አለ። «ሁሉም» ማለት የሆነውን የኮከብ ምልክት ጽፌ አዘዝኩ። አራቱም ወጡ። አራቱም ስማቸው የማሽን ስም ነው።

የትኛው የማን ነው? ውስጣቸውን ላይ ብዬ አዘዝኩ፤ አንደኛው ሳቅ የሚመስል ፊት፣ ልብ፣ ቀስት እየተፋ ጮኸ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አማርኛ የሚጻፈው በራሱ ፕሮግራም ነው፤ ከእሱ ውጪ ሲታይ የሃያ ሰባት ሰው ስምና የማሽኑ አንጀት አንድ ዓይነት ዝብርቅርቅ ነው። አንዱን በአማርኛው ፕሮግራም ልከፍት ስል ማሽኑ ደርቆ ቀረ። አጥፍቼ እስካበራው ድረስ ሩብ ሰዓት ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍተው አዩኝ። ከውጭ የጋሼ አድማሴ ድምፅ፣ «ነዳጁ እያለቀ ነው!»

አራቱንም አጠፋኋቸው።

ከዚያ «ዲር» አልኩ፤ ንጹሕ። የሰሊጡን ሪፖርት ከፈትኩ፤ ተከፈተ። አተምኩ፤ ታተመ። ማሽኑ ያለ እነሱም ይሠራል ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ነጩን ጨርቅ አለበስኩት።

ዛሬ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እርቦኛል።

ሰኔ 26፣ ሰኞ

ማሽኑ አልነሣም አለ። በቡድኑ ፊት። በጥቁሩ መስታወት ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ። ጠዋት ጄኔሬተሩ ሁለቴ ተንተፋትፎ ጠፍቶ ነበር። የቡድኑ መሪ ይህን ሲሰማ ማን ነው የሚያስነሣው አለ። ጋሼ አድማሴን ወሰዷቸው። ኃይል ለቆባት አቃጠላት፣ ምርመራውን ለማሰናከል ነው፣ አሻጥር ነው ተባለ።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። በካልሲዬ።

ሰኔ 27

አሁን ተቀምጬ ሳስበው ቀኑ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ከፋይሉ ስም አጠገብ የፈረንጅ ቀን አለ። የማሽኑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ እኔ የምጽፈው ሁሉ የሚያዘው አንድ የጥንት ቀን ነው። የራሱ ፋይሎች ግን ፋብሪካው የሰጣቸውን ቀን ይዘዋል። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ባነብ ሁለቱን ከሁለቱ እለይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኑን ሲጠይቀኝ ሳልመልስለት ማለፍ ስለለመድኩ ዓይኔ ያን ቦታ ማየት ትቷል።

እና ዓርብ ዕለት ሲሠራ የዋለው አስቀድሞ ተነሥቶ ስለነበር ነው። ሰው እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ተቀምጦ እንደሚያወራ።

ነገ እናገራለሁ።

ሰኔ 28

አልተናገርኩም። ከመናገሬ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። የተጠራሁት ግን ለአስተርጓሚነት ነው።

ጋሼ አድማሴ በአማርኛ አልመልስም ብለዋል። ጓድ ዓለምነው ሰውየው አማርኛ አሳምሮ ያውቃል ብለው ቢያስረዱም አልሆነም። «ለወሬ የሚሆን አማርኛ አለኝ፤ ለሞት የሚሆን የለኝም። ብሔረሰቦች ሁሉ እኩል ናቸው፣ ቋንቋቸውም እኩል ነው ብላችሁ በስብሰባ አስጨብጭባችሁኝ የለም ወይ?» አሉ። የመቶ አለቃው የሸዋ ሰው ነው፤ አገውኛ አይሰማም፤ ያ የስብሰባ ንግግርም በቃለ ጉባኤ ስለሰፈረ እምቢ ማለት አይችልም። አገውኛ የሚያውቀው ፖሊስ ዘመቻ ሄዷል። ማን ያስተርጉምልህ ሲባሉ ያችን ጸሐፊ አምጡልኝ አሉ።

ፊታቸው ከስቷል። የመቶ አለቃው ማን አዘዘህ ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩ። ጋሼ አድማሴ እጃቸውን እያወራጩ፣ የጄኔሬተር ክር የሚስቡ እየመሰሉ፣ በአገውኛ ረጅም ንግግር አደረጉ። ያሉት ይህ ነው፦

«ፊትሽን አታጥቁሪ፤ ይህ ሰው ዓይንሽን እያየ ነው። እኔ ከዚህ በባሰ ቤት አድሬ አውቃለሁ። የሚያስቀምጡኝ ቢበዛ ሳምንት ነው። አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ ግን የሚያንኳኩት አንድ ቤት አይደለም።»

«ምን አለ?» አለ የመቶ አለቃው።

«ማንም አላዘዘኝም፤ እንደ ወትሮው ነው ያስነሣሁት ይላሉ።»

«ያን ሁሉ ሲናገር ቆይቶ ይህ ብቻ ነው?»

«አገውኛ ረጅም ነው» አልኩት።

ጋሼ አድማሴ አቀረቀሩ። ሲስቁ ትከሻቸው እንደሚነቃነቅ አውቃለሁ።

አንድ ቤት አይደለም ያሉት ለምን እንደሆነ እንጃ። ሽማግሌ ናቸው፤ በምሳሌ መናገር ይወዳሉ።

ሐምሌ 1

ሸጋን በፖሊስ ጣቢያው አጥር ሥር አገኘኋት፤ የጋሼ አድማሴ ባለቤት ናት። ስንቁን ፈትሸው ካስገቡላት በኋላ ተመልሳ ባዶውን ሳህን ትጠብቃለች። ሌሊት ያስላቸዋል አለችኝ፤ ወለሉ ውኃ ያቋጥራል። ጋቢ ብትልክላቸው ለሌላ እስረኛ ሰጥተውታል። ስለ እኔ ምን እንደነገሯት አላውቅም። እጄን ይዛ እግዜር ይስጥሽ አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ እጄን ግን ቶሎ ወሰድኩት።

ሐምሌ 3

ገሠሠ ዘንድ ሄድኩ። ቀሚስ ላስጠብብ የመጣሁ መስዬ። ልናገር ነው ስለው መርፌውን ሳያቆም ሰማኝ። ሃያ ሰባት ሰው አለ፣ ከእነዚህ ውስጥ አራስ አለች፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ታስረው የወጡም አሉ አለ። አድማሴ ንጹሕ ስለሆነ ራሱ ንጽሕናው ያወጣዋል፣ እንጸልይለት አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ለሃያ ሰባቱ ነው የሚያስበው።

ግን ሲናገር ሃያ ሰባት እያለ ይቆጥራል፤ ጋሼ አድማሴን አልቆጠረም። እኔም እስከዛሬ አልቆጠርኳቸውም ነበር። በዝርዝራችን ውስጥ የሉማ።

ወጥቼ መንገድ ላይ ስደርስ ነው ቀሚሱን እዚያው እንደረሳሁት ያወቅኩት።

ሐምሌ 5

ጋሼ አድማሴ ሰኞ ወደ ባሕር ዳር ይላካሉ። በጭነት መኪና፣ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር። ጉዳዩ የአሻጥር ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይታይም ተባለ። ሳምንት ያሉት አልፏል፤ ቃላቸውን ያጠፉት እሳቸው አይደሉም፤ ሒሳባቸውን ያፋለሰው መንግሥት ነው። ወይስ ሲነግሩኝም ያውቁ ነበር?

ሐምሌ 6

የመመሪያውን ገጾች ሁሉ መሬት ላይ ዘረጋኋቸው። ስኳር የጠቀለለውን፣ በርበሬ የጠቀለለውን። በአንዱ ላይ፣ ግማሹ በዘይት የተበላ፣ «ሲስ» የሚል ትእዛዝ አለ። ማሽኑ የሚነሣባቸውን ፋይሎች ከዋናው ዲስኬት ላይ ወስዶ ወደ ቦታቸው የሚመልስ። የሚመልሰው የማሽኑን ብቻ ነው። የእኛን አያውቅም፤ የእኛ በዲስኬቱ ላይ ኖረው አያውቁም።

አራት ጊዜ አነበብኩት።

ዋናው ዲስኬት በጓድ ዓለምነው ካዝና ውስጥ፣ በማኅተም ነው ያለው። ለምን ፈለጉት ሳይሉኝ አይሰጡኝም።

ሐምሌ 7፣ ዓርብ

ሦስት ሰዓት ላይ እገባለሁ። ከዚህ በላይ ብጽፍ እቀራለሁ።

ሐምሌ 8፣ ቅዳሜ

ጋሼ አድማሴ ትናንት ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ወጡ። ሸጋ ደግፋ ነው ያስወጣቻቸው። አየሁ፤ ከማዶ ነው ያየሁት። ሳል ሲይዛቸው ቆመው አጥሩን ይዘው ነበር። እንዴት እንደወጡ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጓድ ዓለምነው ብቻቸውን ነበሩ። በር ዘጋሁ። በሥራ ዘመኔ በራቸውን ዘግቼ አላውቅም።

«ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ጄኔሬተሩ ምንም አላደረገም። የሚነሣባቸውን ስውር ፋይሎች ዓርብ ዕለት በትእዛዝ ሰርዤያቸዋለሁ። ዋናውን ዲስኬት ይስጡኝ፤ እመልሳቸዋለሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር፤ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ኋላ ቀስ ብለው ስንት ናቸው አሉ። አራት አልኩ። ተነሥተው ከመደርደሪያው ላይ አንድ ክላሰር አወረዱ። በየወሩ የዲስኩን ምርመራ እያተምኩ የማያይዝበት ክላሰር ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፊርማዬ አለ፣ ከእኔ ሥር የእሳቸው። አንብበውት አያውቁም ብዬ ነበር። የካቲትን ገለጡ፤ ሁለት ስውር ፋይሎች። ሚያዝያን ገለጡ፤ አራት። ጣታቸውን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሡ ቆዩ።

«ሁለቱ የማሽኑ ናቸው» አሉ። «ሁለቱስ?»

«የእኔ ነበሩ።»

«አሁንስ?»

«የሉም።»

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ፈርተው ይሁን ራርተው አላውቅም፤ በእኛ ዘመን ሁለቱ አይለዩም። የእሳቸውም ፊርማ አለበት። ካዝናውን ከፈቱ።

ዲስኬቱን ከትቼ አበራሁ። ከዲስኬቱ ተነሣ። «ሲስ» ብዬ ጻፍኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ቆይቶ በመስታወቱ ላይ ሁለት ቃል ወጣ። የመጀመሪያውን አውቀዋለሁ። ሁለተኛው በቲ ፊደል ስለሚጀምር መዝገበ ቃላቴ አልደረሰበትም። ዲስኬቱን አውጥቼ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ተነሣ። ምርመራውን አዘዝኩ፤ ሁለት ስውር ፋይሎች አለ። ጓድ ዓለምነው ከኋላዬ በካልሲያቸው ቆመው ነበር።

«ለምን ነካቻቸው ቢሉኝ የምመልሰው ያስፈልገኛል» አሉ። «አሻጥር አይደለም ለማለት ሌላ ነገር መባል አለበት። ይጻፉ፤ እኔ ልንገርዎት። ደብዳቤው ከስድስት ሰዓት በፊት ጣቢያው ካልደረሰ የሰውየው ስም ከሰኞው ዝርዝር አይወጣም።»

ጄኔሬተሩን በዚያ ቀን ያስነሣው የጎተራው ሠራተኛ ነበር፤ ድምፁ ልክ አልነበረም፤ መቼ ቀጥ እንደሚል አይታወቅም። ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። እኔ ወይዘሮ በለጡ እንግዳ። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ። ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን። የደረሰው ብልሽት የተፈጠረው በጄኔሬተሩ ሳይሆን፣ አሉና ቆሙ። ቃሉን ፈልገው አጥተው ይሁን ለእኔ አፍረው እንጃ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«በዕውቀት ማነስ» አሉ። «ሌላ የሚያወጣዎ ቃል የለም።»

እጄ ከፊደሎቹ ላይ ተነሣ። ያ ማሽን ከፊቴ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞቶ፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ከስኳር ወረቀት ባነበብኩት ያስነሣሁት። ከባሕር ዳር የመጡት ሦስት ሰዎች ያላስነሡት። ከዚህ በፊት ማንም ታውቂያለሽ ብሎ በወረቀት ጽፎልኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ዕውቀቴን ማንም ሊወስድብኝ የሚችል አልመሰለኝም ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬያለሁ፤ ማሽኑን እንዳልነካም በዚያው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። እሱንም እኔው ነኝ የጻፍኩት።

በዕውቀት ማነስ ብዬ ጻፍኩ። መላልሼ አነበብኩት፣ አተምኩት፣ ፈረምኩበት። አንድ ፊደል አልሳትኩም።